ማሽኑ ሳይቆም መጠበቅ፦ የሳይበር ደኅንነት በኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት

የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚባለው በኃይል ማመንጫ፣ በውኃ ማጣሪያ ወይም በፋብሪካ ውስጥ ሙቀትንና ግፊትን እየለካ ቫልቭን፣ ፓምፕንና ብሬከርን (የኤሌክትሪክ ማቋረጫን) የሚከፍትና የሚዘጋ የኮምፒውተሮችና የመሣሪያዎች ስብስብ ነው። በቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመረጃ ምስጢራዊነት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት ግን የሰው ሕይወትና የሥራው አለመቋረጥ ስለሚቀድሙ፣ ለቢሮ የተበጀውን ጥበቃ እንዳለ ወደ ፋብሪካ ማስገባት ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2008 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በሚገኘው የሃች የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ከመቆጣጠሪያው ጋር መረጃ በሚለዋወጥ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ የሶፍትዌር ማሻሻያ ተጭኖ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ፣ በመቆጣጠሪያው በኩል ያለው መረጃም ወደ ዜሮ በመመለሱ፣ የአደጋ መከላከያው የማቀዝቀዣ ውኃ የጎደለ መስሎት አንዱን ሬአክተር ለ48 ሰዓት ያህል አቆመው። አጥቂ አልነበረም፤ የታየው፣ በቢሮ በኩል እንደ ቀላል የሚቆጠር ሥራ ምን ያህል ርቆ እንደሚደርስ ነው።

ይሁን እንጂ ሥራ እንዳይቋረጥ በሚል ጥበቃን ማዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን፣ በኢሜይል አባሪ ከወራት በፊት ሰርገው የገቡና የሠራተኞችን የይለፍ ቃል የሰረቁ አጥቂዎች፣ የሦስት ኤሌክትሪክ አከፋፋዮችን ብሬከሮች ከሩቅ ከፍተው 225,000 ያህል ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ጣሉ፤ ኃይሉ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ስለዘጉ ነበር።

ስለዚህ ማሻሻያ በመጀመሪያ በተለየ መሞከሪያ ላይ ተፈትሾ፣ አስቀድሞ በታቀደ የጥገና ጊዜ መጫን ይኖርበታል፤ እስከዚያው የቢሮውን ኔትወርክ ከመቆጣጠሪያው መለየት፣ ከውጭ የሚገባበትን መስመር ዘግቶ ለጥገና ብቻ በፈቃድ መክፈት፣ ለመግቢያውም ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ሥራውን ሳያቋርጡ ይጠብቁታል። የኦፕሬተሩ ስክሪን ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም የይለፍ ቃል ሦስት ጊዜ ሲሳሳት የሚቆለፍ ስክሪን ለቢሮ የሚበጅ ቢሆንም፣ ግፊት እየጨመረ ባለበት ደቂቃ ኦፕሬተሩን ከመቆጣጠሪያው ስለሚነጥለው፣ በዚያ ቦታ ጥበቃው በክፍሉ በርና በተረኞች መዝገብ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ይህን የሚወስኑት የደኅንነት ባለሙያውና የፈረቃ ኃላፊው በአንድነት ሊሆኑ ይገባል፤ በዩክሬን የታየው በእጅ የመሥራት ችሎታም በዓመቱ የጥገና ዕቅድ ውስጥ ቀን ተቆርጦለት፣ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ብሬከሩንና ቫልቩን መክፈትና መዝጋትን እያንዳንዱ ፈረቃ ሊለማመደው ይገባል።