የእምቦሳ ተቅማጥ፦ ከእንገር እስከ ጨውና ስኳር

(በሐሙሲት በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለአመራሮች የቀረበ ንግግር)





አዲስ ቤት ለገባ ሰው ምርቃቱ «እምቦሳ እሰሩ» ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጥጃ የሚመኙለት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በጉረኖ የታሰረችው ጥጃ የነገ የወተት ላም ናት፤ ወንዱም የነገ የእርሻ በሬ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው በደራና በፎገራ አካባቢ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ክብደት አለው። የፎገራ ዝርያ የዚህ አካባቢ ሀብት ነው። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም በዝርያው ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ዝርያ የሚጠበቀው በምርምር ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አርቢ ጉረኖ ጭምር ነው። እምቦሳን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚቀጥፉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ደግሞ ተቅማጥ ነው።

በቀድሞው ዘመን አባቶች እጅግ ይፈሩት የነበረው ደስታ በሽታን ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በክፉ ቀን፣ የሀገሪቱን ከብት ጨርሶ እርሻ ያስቆመው እርሱ ነው። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የጥጃ ተቅማጥ ግን መንስኤው ብዙ ስለሆነ በአንድ ክትባት የሚገላገሉት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ያጠቃል። ከዚያ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሮታ ቫይረስ፣ በሰው ላይ ኮቪድን ካመጣው የተለየ የከብት ኮሮና ቫይረስ፣ እንዲሁም ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ይከተላሉ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ይመጣል። መንስኤው ይለያይ እንጂ ጥጃው በአብዛኛው የሚሞትበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ የሰውነቱ ውኃና ጨው ተሟጦ ያልቃል። አርቢው በቤቱ ሊከላከለው የሚችለውም ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ እንገር

የሰው ልጅ በሽታን የሚከላከል ኃይል ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ይወርሳል። የላም የእንግዴ ልጅ ግን ይህን ኃይል ወደ ጥጃው አያሳልፍም። ጥጃው የሚያገኘው በእንገር ነው። አንጀቱ ይህን ኃይል በሚገባ የሚቀበለው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ያቆማል። ስለሆነም ላም ማታ ብትወልድ ጥጃው እስኪነጋ ሊጠብቅ አይገባውም። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በእነዚህ 6 ሰዓታት ውስጥ 2 ሊትር ተኩል ያህል እንገር ቢያገኝ መልካም ነው።

በአንዳንድ ቤት የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ድረስ ጥጃው እንዳይጠባ ይከለከላል። በሌላው ቤት ደግሞ «እንገር ያስቀምጠዋል» ተብሎ ይነፈጋል። ሁለቱም ልማዶች ጥጃውን ያለ ጋሻ ያስቀሩታል። እንገር የጥጃውን ሆድ ትንሽ ቢያለሰልስ የመጀመሪያውን እበት ለማስወጣት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ለቤተሰብ ተቀቅሎ የሚቀርበውም እንገር ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈው ሊሆን ይገባል።

ከእንገር ቀጥሎ ንጽሕና ነው። እትብቱ በአዮዲን ይታጠባል፤ በጉረኖው ደረቅ ጭድ ይነጠፋል፤ እርጥቡ ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል። ክረምት ሜዳው በውኃ ሲሞላና ጭቃው ሲበዛ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ተቅማጡ ሲጀምር

አንዲት እማወራ ጠዋት ጉረኖውን ስትከፍት የጥጃዋን ጭራ በቀጭን እበት ተበክሎ ብታገኘው ምን ታድርግ? በመጀመሪያ የአንገቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትልቀቀው። ወዲያው ከተመለሰ ውኃው ገና ብዙ አልጎደለም። ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየና ዐይኑ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ብዙ ፈሳሽ ሄዷል። ከ25 ኪሎ ጥጃ 2 ሊትር ውኃ መጉደል ለዚህ ይበቃል።

ቀጥሎ የጎደለውን መተካት ነው። ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ከዚህ መብለጥ የለበትም። ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ካለ ደግሞ ይመረጣል፤ ከጨውና ከስኳሩ በተጨማሪ ሌሎች የጎደሉ ማዕድናትን ይዟል። ለ25 ኪሎ ጥጃ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 1 ሊትር ተኩል፣ ለብ ብሎ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በጡጦ ይሰጠዋል። ከወተት ጋር አይቀላቀልም፤ ከጠባ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሰጣል።

ይህ ቀላል ነገር ነው ተብሎ መናቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች በኮሌራ ሲረግፉ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሕንዳዊ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ያን ጊዜ ጨውና ስኳር በውኃ አስበጥብጠው በአፍ አጠጡ። በሰፈሩ የነበረው ሞት በእጅጉ ቀነሰ። በጥጃም ላይ የሚሠራው ያው ዘዴ ነው።

በዚህ ጊዜ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች አንዱ ወተት መከልከል ነው። «ወተት በዝቶበት ነው» ተብሎ የተከለከለ ጥጃ በተቅማጡ ላይ ረኃብ ይጨመርበታል። ስለዚህ ጥጃው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መጥባቱን ይቀጥል። ሌላው ስሕተት ከገበያ የተገዛ የቴትራሳይክሊን እንክብል ማጉረስ ነው። ይህ መድኃኒት ቫይረስንም ሆነ ክሪፕቶስፖሪዲየምን አይገድልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ግን በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ እውነተኛ ችግር ሲመጣ መድኃኒቱ አይሠራም።

የታመመው ጥጃ ከሌሎቹ ይለይ። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከተቅማጡ ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት የሚተላለፍ አለና።

ሐኪም የሚጠራበት ጊዜ

ጣት በአፉ ሲገባ አፉ ከቀዘቀዘ ወይም መጥባት ካቃተው፣ መቆም ካልቻለ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ተቅማጡ ደም ካለበት የቤት እርዳታ አይበቃውም። መጥባት ያቃተውን ጥጃ አንገቱን ቀልብሶ በግድ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባው ያስገባል። እንዲህ ያለው ጥጃ ፈሳሽ በደም ሥሩ ሊሰጠው ስለሚገባ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይጠራለት።

ከማኅበራትና ከአመራሮች የሚጠበቀው

ስኳሩም ጨውም በማኅበራት ሱቅ ሊኖር የሚችል ነው። ከጎናቸው ኦ.አር.ኤስ.ና አዮዲን ቢቀመጡ ወጪው ከአንድ ጥጃ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የአርቢዎች ሥልጠና ሲዘጋጅም ብዙ ጊዜ የሚጠራው አባወራው ነው። ላሟን የምታልበውና ጥጃውን የምታየው ግን በአብዛኛው እማወራዋ ናት፤ ጥጃ የሚጠብቁትም ልጆች ናቸው። ተቅማጡን ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ስለሆኑ ሥልጠናው እነርሱ ጋ መድረስ አለበት። የቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላም ባለሙያና መድኃኒት ሊኖረው ይገባል፤ መቆም ያቃተው ጥጃ ረጅም መንገድ ተሸክመውት ቢሄዱ ላይደርስ ይችላልና።

«እምቦሳ እሰሩ» የሚለው ምርቃት የሚሠምረው የታሰረው ጥጃ ሲያድግ ነው። ለዚህም የመጀመሪያው ሌሊት እንገር፣ የመጀመሪያው የተቅማጥ ቀን ደግሞ ጨውና ስኳር ከየአርቢው ቤት አይጥፋ።

መልካም የምሥረታ በዓል!