ስለ ጠመንጃ ሽያጭና ስለ ወረቀቱ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ስለ ውሃ መውረጃው ቦይና ስለ መዋጮው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ከበድ ያለ ጉዳይ ስላለብን እሱን እናስቀድማለን። ይኸውም ጠመንጃ ከጎረቤት ለጎረቤት ስለ መሸጥና ስለሚጻፍለት ወረቀት ነው። ወሬውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ጉዳዩ ገና በፖሊስ እጅ ስለሆነ የማንንም ስም አንጠራም፤ እናንተም እዚህ እንዳትጠሩ እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተመዘገበ አንድ ክላሽ የነበራቸው አንድ አባታችን ባለቤታቸው ታመው ወደ ጅማ ሂዱ ተባሉ። ገንዘብ ቸገራቸው። ጊዜው ቡና ተሸጦ ሰው እጅ ላይ ብር የገባበት ሰሞን ነበርና ገዥ ወዲያው ተገኘ፤ የሰፈራችን ሰው ነው፣ እናውቀዋለን። ውሉን ማን ጻፈው? እኛው ነን የጻፍነው። «ሻጭ በፈቃዴ ሸጫለሁ፣ ገዥም ብሩን ቆጥሬ ከፍዬ ተረክቤአለሁ» አልን፤ ሁለት እማኞች አስፈረምን፤ ከታች «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ብለን የማኅበሩን ማኅተም መታንበት። እውነቱን ለመናገር ቁጥሮቹን ከአንድ የቤት ሽያጭ ወረቀት ላይ ገልብጠን እንጂ ምን እንደሚሉ አንብበን አልነበረም።

ገዥው ጥቂት ወራት ይዞት ለሌላ ሰው ሸጠው፤ ያም ለሌላ። በመጨረሻ በቴፒ መንገድ ኬላ ላይ ከማናውቀው ሰው ጋር ተያዘ። ፖሊስ የመሣሪያውን ቁጥር አየ፤ ቁጥሩ በመዝገብ የሚገኘው በአባታችን ስም ነው። እኒያ ሰው ሲጠሩ ምን አደረጉ? የእኛን ወረቀት በኩራት አወጡ። «ይኸው ሸጫለሁ፣ ማኅተም አለው» አሉ። ለካ ያ ወረቀት ያለፈቃድ መሸጣቸውን በገዛ ፊርማቸው ያመኑበት ኖሯል! ሁለቱም እማኞች አብረው ተጠሩ፤ እኛም ቃላችንን ሰጠን።

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄደን የጠየቅነው። ቁጥር 1731 የሚያጸናው በሕግ አግባብ የተቋቋመን ውል ነው አሉን። ቁጥር 2005 ደግሞ የተጻፈው ነገር በፈራሚዎቹ መካከል ማስረጃ ነው ይላል። ከእነዚህ በፊት ግን ቁጥር 1716 አለ፤ ግዴታው ሕገ ወጥ የሆነ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ይህ ሁሉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ከዚያ በፊትም ያስቀጣ ነበር። እንግዲህ ማኅተማችን ምንም አላጸናም።

«እንዴ፣ እኛ እኮ በእምነት ነው የምንኖረው» የሚል አለ። ልክ ነው። ጀንፈል በቃል እንሸጣለን፣ በቡና ላይ ብር እንበዳደራለን። በሬ ስንገዛ ግን ሻጩን ዋስ እንጠራዋለን፤ ነገ የበሬው ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ መልስ የሚሰጠን እንፈልጋለን። ለበሬ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለጠመንጃ እንዴት አነሰን? አባታችን ገዥውን አመኑ፤ ገዥውም አልዋሻቸውም። ግን ከገዥው ኋላ የቆመውን ሦስተኛና አራተኛ ሰው አያውቁትም ነበር።

ሰው መሣሪያ ለምን እንደሚፈልግ ይገባናል። ከርከሮና ዝንጀሮ ማሳ ያጠፋሉ፤ የቡና ሌባም አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉራፈርዳ ላይ ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ ሌሊት ተኝቶ የማያድር ብዙ ነው። መሣሪያውም ሩቅ አልነበረም። የሱዳን ጦርነት በማጂ በኩል ክላሽ ሲያስገባ ኖሯል፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተንም ብዙ መሣሪያ በየመንደሩ ቀርቷል። አባቶቻችን ምንሽርና አልቤን ይሉ የነበሩት እንኳ አሁንም ጣራ ሥር የተሰቀለ አይጠፋም።

አሁን ወደ ሌላው ክርክር እንምጣ። ነገሩ ከተሰማ በኋላ አንዳንድ አባላት «መሣሪያ ያለው ሁሉ ስሙ ተጽፎ በሰሌዳው ይለጠፍ» አሉ። ሌሎች ደግሞ «ማን ምን እንዳለው መንግሥትም ጎረቤትም አያገባውም» አሉ። ኮሚቴው ሁለቱንም አልተቀበለም። ስም ብንለጥፍ ለሌባ የቤት ቁጥር መስጠት ነው፤ ቂም ላለውም እንደዚያው። የመመዝገቢያው ቦታ ፖሊስ ዘንድ ነው እንጂ ሰሌዳ ላይ አይደለም። ልጆቻቸው አሜሪካን አገር ያሉ አባላት እዚያ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ወረቀት የማይጠየቅበት ስቴት አለ ይሉናል። እውነት ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ነው። እዚያም ቢሆን ብዙ ስቴቶች የገዥ ማጣራት ይጠይቃሉ፤ ክርክሩም አላለቀም። እኛ ግን የምንዳኘው በራሳችን አዋጅ ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም አለ። ያ ውል በስልክ ፎቶ ተነስቶ ሲዞር ነበር። የአባታችን ስም፣ የእማኞቹ ስልክ፣ የብሩ ልክ ሳይቀር የማይመለከተው ሁሉ አየው። ፎቶው ያላችሁ እባካችሁ አጥፉት። በእኛ እጅ የነበረው ቅጂ ከማኅበሩ ፋይል ወጥቶ ለፖሊስ ተሰጥቷል።

ከእንግዲህ የማኅበሩ ማኅተም በጠመንጃ ወረቀት ላይ አይመታም፤ ጸሐፊውም አይጽፍም፤ የኮሚቴ አባልም በኮሚቴነቱ እማኝ አይሆንም። መሸጥ የሚፈልግ ብር ከመቀበሉ በፊት የመሣሪያውን ፈቃድ ይዞ ከገዥው ጋር ወደ ፖሊስ ይሂድና ይጠይቅ፤ አይቻልም ካሉት መሣሪያው እቤቱ ይቀመጥ። ቀድሞ እንዲሁ በእጅ የሸጣችሁ ካላችሁ ቁጥሩ ኬላ ላይ ሳይገኝ ራሳችሁ ቀርባችሁ አስታውቁ። ፖሊስ ምን እንደሚል ቃል አንገባላችሁም፤ ብቻችሁን ግን አንልካችሁም። እሑድ ከቀትር በኋላ ከሊቀመንበሩ ጋር ቢሮ አለን፤ የሚመጣ በጓሮ በር ይግባ፣ ስሙንም አንጽፍም።

ለአባታችን ጠበቃ የሚሆን መዋጮ ሣጥኑ በገንዘብ ያዧ እጅ ነው። ባለቤታቸው ከጅማ ተመልሰዋል፤ ልትጠይቋቸው የምትሄዱ ስለ ጠመንጃው አታንሱባቸው። አሁን ወደ ቦዩ ጉዳይ እንለፍ።