ማሲንቆ ባሕር ሲሻገር
(በፍላቂት በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ማሲንቆ ይዤ እንደምወጣ በነገርኋቸው ጊዜ አባቴ «ልጄ፣ ያስተማርሁህ አዝማሪ እንድትሆን ነውን?» አሉኝ። መልሴን በእናንተ ፊት ላቅርብ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት፣ በግብፅ የተወለዱት የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። በየአገሩ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና እምቢልታ ባንድ መድረክ ተስማምተው ተሰሙ። ኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መሩት።

በ1969 ተጫዋቾቹ «ብሉ ናይል» በሚል ስም ባሕር ተሻግረው አሜሪካን እየዞሩ አሳዩ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ። ካገር ቤት ያልወጣ የመሰለን ድምፅ በዚያ ሰፊ አገር ተሰማ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከተጓዦቹ አንዱ ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። በሰላም ጓድ መጥቶ፣ ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ፣ ባማርኛ ይዘፍን ነበር። እንግዳው ከባለማሲንቆው ፊት ቁጭ ብሎ በትሕትና የተማረውን፣ እኛ የቤቱ ልጆች ልናፍርበት ይገባልን?

የማሲንቆ ክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የፈረስ ጭራ ነው። ያች ጭራ ግን ሰው ታሻግራለች።

አባባ፣ ደብተሬን አልጥልም። ማሲንቆዬን ከደብተሬ አጠገብ እንዳኖር ብቻ ይፍቀዱልኝ። መምህሮቼም ከትምህርት ሰዓት በኋላ የምንለማመድበት አንድ ክፍል እንድትሰጡን እለምናለሁ።

ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ፤ የቀረውን ማሲንቆው ይናገር።