እርሳስ በምላጭ ስለ መቅረጽ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዩኒቨርሲቲ ደርሰን ዛሬ ታክሲ የምንነዳው ሁሉ፣ ትምህርት የጀመርነው በግማሽ ምላጭ ነው። እርሳሱንም ለሁለት ቆርጠን ከታናናሾቻችን ጋር እንካፈል ነበር። ሙያው ምላጩን በአውራ ጣት ወደ ውጭ እየገፉ፣ እርሳሱን እያዞሩ፣ እንጨቱን በስሱ መላጥ ነው። ጫፉ ከረዘመ ይሰበራል፤ ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ ውስጡ ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 እ.ኤ.አ. የቀመመው ግራፋይትና ሸክላ አፈር ነውና። ለማትሪክ ግን ደነዝ ይሻላል፤ መልስ ቶሎ ያጠቁራል!

የአውራ ጣታችን ጠባሳ የመጀመሪያ ዲፕሎማችን ነው። እዚህ አገር አቻ ግምት ያልተጠየቀበትም እሱ ብቻ ነው።

የፓርክዴል ልጆቻችን መቅረጫ ስለ ሞላቸው እርሳሱን በግማሹ ይጥሉታል። ምላጩን አንስጣቸው፤ ቁራጯን በቢክ ቀፎ ሰክቶ እስከ መጨረሻዋ መጻፍን ግን እናሳያቸው፤ ያውም በአማርኛ ፊደል።