ከአያቴ ፎቶግራፍ ጠርዝ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ፎቶግራፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት የተነሣ ነው። ካባ ደርበው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መካከል የተቀመጡት አያቴ ናቸው። ሴት አያቴ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አሳርፈው ከኋላ ቆመዋል።

እኛ ቤት ስለ አያቴ የሚወራው ደግ ደጉ ነበር፦ ደጃቸው የማይዘጋ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሽፍታ የሚፈራቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ግን የሚዳኙትም የሚያስታርቁትም እሳቸው ከሆኑ፣ ጢሰኛቸው እሳቸውን ለማን ይከሳል? ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት መስተዋቱ ተሰነጠቀና ፎቶግራፉን ከፍሬሙ አወጣሁት። የቀኝ ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፏል። ሳቃናው ባዶ እግሯን የቆመች፣ ሕፃኑን አጎቴን ያዘለች፣ የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ አየሁ። አክስቴን ጠየቅኋት።

«የጢሰኛ ልጅ ናት። አባቷ የእህል ዕዳ ስለነበረበት እኛ ቤት ታገለግል ነበር» አለችኝ።

ከቤታችን የወጣችው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ሲያስቀር ነው።

አፈላልጌ ሄድኩ። ያቺ ልጅ ዛሬ እማማ ናቸው። ፎቶግራፉን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«እናቴ ፎቶ መነሣቴን ሰምታ፣ ልየው እንዳለች ሞተች። ለካ አጥፋችሁኝ ነው» አሉ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሺም እንቢም አላሉኝም፤ ቡና አፈሉልኝ። ከዚያ ከሣጥናቸው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አወጡ። የእሳቸውና የባለቤታቸው ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል።

«ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ መሬቱን ሊወስዱ መጡ፤ ይህን አሳየኋቸው። ተመለሱ» አሉኝ።

እህቶቼ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። በአሮጌ ፎቶግራፋችሁ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ስም፣ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጀርባው ላይ ጻፉ። መሬት ያላችሁ ደግሞ ስማችሁና ፎቶአችሁ ደብተሩ ላይ መኖሩን ዛሬ ነገ ሳትሉ አረጋግጡ። ባል ከሞተ፣ ክርክር ከተነሣ በኋላ ከባድ ነው። ብቻዋን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት መሄድ የከበዳት ካለች፣ አብረናት እንሂድ። ማኅበር የመሠረትነው ለዚህ ነው።

ፎቶግራፉን አስባዝቼ ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ። እኛም ቤት ሳይታጠፍ ተሰቅሏል።