ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሻገር ትምህርት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ ዘወትር ስለሚነሣ፣ ነገር ግን ተረጋግቶ ስለማይነገርለት አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም በኮሌጅ የተማሩትን ትምህርት ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ መሻገር፣ በተለመደው አጠራር የክሬዲት ዝውውር ስለሚባለው ነገር ነው። ከእናንተ መካከል በዲፕሎማ ሥራ ጀምሮ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ዛሬ ዲግሪውን ለመያዝ የሚያስብ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እንዲሁም በጠረጴዛው ላይ የሌላው ሰው ማመልከቻ ቀርቦለት ውሳኔ የሚሰጥ አለ። ንግግሬ ለሁለቱም ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ ልጀምር። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዷ በሆነችው በዋሂል የሚያስተምሩ አንድ መምህር አሉ እንበል። እኒህ መምህር በመምህራን ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተምረው ዲፕሎማ ከተቀበሉ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ የገጠር ልጆችን ሒሳብ አስተምረዋል። አሁን በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪያቸውን ለመያዝ ቆርጠው፣ የውጤት ወረቀታቸውን በፖስታ አድርገው ወደ ከተማ ወርደዋል። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እስከ ዛሬ ከተማርሁት ውስጥ የትኛው ይያዝልኛል?» የሚል ነው። መልሱም ለእርሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት የሚማር ሰው አንድ ክረምት ካመለጠው የሚቀጥለውን ለማግኘት ዓመት ይጠብቃል። ጥቂት ኮርሶች ሳይያዙ ቀሩ ማለት አንድ ክረምት ተጨመረ፣ የደረጃ ዕድገቱም አንድ ዓመት ዘገየ፣ ልጆችም በዚያ ክረምት ያለ አባት ከረሙ ማለት ነው።

ለመሆኑ ክሬዲት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ክሬዲትን እንደ ገንዘብ ይመለከተዋል። በአንዱ ባንክ ያስቀመጠውን ብር በሌላው ባንክ በኩል እንደሚያወጣ ሁሉ፣ በኮሌጅ ያከማቸውንም ክሬዲት ከዩኒቨርሲቲው መስኮት ቀርቦ ቆጥሮ የሚረከብ ይመስለዋል። የብዙ ሰው ኀዘን የሚመነጨው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። ክሬዲት በእውነቱ የምስክርነት ቃል ነው። አንድ ትምህርት ቤት «ይህ ሰው በእኔ ዘንድ ይህን ያህል ሰዓት ይህን ትምህርት ተምሮ ፈተናውን አልፏል» ብሎ ይመሰክራል። የምስክር ቃል ደግሞ የሚጸናው ሰሚው መርምሮ ሲያምነው ነው። ስለዚህ የክሬዲት ዝውውር ጥያቄ ሁሉ በመጨረሻ «ምስክሩ ማን ነው? የመሰከረውስ ምንድን ነው?» ወደሚል ጥያቄ ይመለሳል።

የክሬዲት ሰዓት የሚባለው መለኪያ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሲቀጥል አንድ ክሬዲት ይባላል፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጠውም ሦስት ክሬዲት ይሆናል። ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ ሰው የዚህ ሥርዓት ታሪክ ሩቅ አይደለም። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ዓመታት የተመሠረተው ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ርዳታ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ይኸው ኮሌጅ፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ከሌሎችም ጋር ተሰባስቦ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ጣራ ሥር ገባ። በኋላም የዓለማያው ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። የትምህርት ደጆች እየበዙ በሄዱ መጠን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሰው ይበዛል፤ አንዱ የሌላውን ምስክርነት የሚመዝንበት ሥርዓትም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል።

በዚህ መካከል ሁለተኛ መለኪያ መጣ። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ከአገር ወደ አገር ሲዛወሩ ትምህርታቸው እንዲያዝላቸው ኢሲቲኤስ የተባለውን የነጥብ ሥርዓት አወጡ። በ2000ዎቹ ዓመታት የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በሥርዓተ ትምህርታቸው አስገቡት። በዚህ መለኪያ የሚቆጠረው መምህሩ የሚያስተምርበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው በቤቱ የሚያጠናበት፣ በቤተ ሙከራ የሚሠራበትና የሚፈተንበት ጊዜ ጭምር ነው። የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ነጥብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሥራን ያመለክታል። በአገራችን የኮርስ መግለጫዎች ላይ ብዙ ጊዜ 3 የክሬዲት ሰዓት ያለው ትምህርት በሌላው መለኪያ 5 ነጥብ ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ 5 ከ3 በለጠ ብሎ የሚደሰትም፣ በኮሌጅ ወረቀቱ ላይ 3 በዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ 5 አይቶ «ሁለት ጐደለብኝ» ብሎ የሚያዝንም ሁለቱም ይሳሳታሉ። ጨርቅን በክንድ ቢለኩት በሜትር፣ ጨርቁ ያው ነው። ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መለኪያ መጻፋቸውን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዋሂሉ መምህር እንመለስ። በውጤት ወረቀታቸው ላይ የሒሳብ መግቢያ የሚል ኮርስ አለ፤ በዩኒቨርሲቲውም ሰሌዳ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ ኮርስ አለ። ስሙ አንድ ከሆነ ለምን አይያዝም? መልሱ ያለው በይዘቱ ውስጥ ነው። በመምህራን ኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት ግማሹ ሒሳብ፣ ግማሹ ሒሳብን ለሕፃናት የማስተማር ዘዴ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ከባድ ኮርስ መሠረት የሚሆነውን ሒሳብ ሙሉውን ይፈልጋል። በአንጻሩ ስማቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል፣ ይዘታቸው ግን አንድ የሆነ ኮርሶች አሉ። በስም ብቻ የሚወስን ሰው በአንድ በኩል የማይገባውን ያሳልፋል፣ በሌላ በኩል የሚገባውን ይከለክላል። ከይዘቱ ሌላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ያመለከተው ሰው በኮርሱ ያገኘው ውጤት ከተወሰነው መጠን በታች እንዳይሆን፣ ትምህርቱ እጅግ ያረጀ እንዳይሆን፣ ዲግሪውን በሚሰጠው ዩኒቨርሲቲም ውስጥ የተወሰነ ያህል ኮርስ እንዲማር ይፈለጋል። የመጨረሻው ለብዙ ሰው ግፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው በዲግሪው ላይ ስሙን ሲጽፍ እርሱም በተራው ምስክር ሊሆን ነው፤ ያላየውንና ያላስተማረውን ሰው እንዴት ይመሰክርለት?

በቴክኒክና ሙያ ተቋም የሠለጠኑትን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዚያ የሚለካው በተለይ የእጅ ብቃት ስለሆነ፣ ምስክሩም የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ይህ ትልቅ ዋጋ ያለው ምስክርነት ነው፤ ሆኖም በኮርስና በክሬዲት የተጻፈ ስላልሆነ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያበቃ እንደሆነ እንጂ ኮርስ በኮርስ ይተካካል ብሎ አስቀድሞ መተማመን አይገባም።

ክሬዲት የሚያዛውር ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደርጓል። የተዛወረ ክሬዲት ኮርሱን እንደ ገና ከመማር ያድናል፤ ከፈተናው ግን አያድንም። በወረቀት የተያዘለት፣ በልቡ ያልተያዘ ትምህርት ያለው ሰው የዚያን ቀን ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ «ሁሉም ይያዝልኝ» ብሎ ከመሟገት፣ የማውቀው የትኛው ነው፣ የዘነጋሁትስ የትኛው ነው ብሎ ራስን መጠየቅ ይበልጣል። የዘነጉትን እንደ ገና መማር ኪሣራ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በምዝገባ ሳምንት የተጀመረ የክሬዲት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይሳካም። በመጀመሪያ፣ ገና ወደ ኮሌጅ ልትገቡ የምታስቡ፣ ኮሌጁ ለምትማሩበት የትምህርት ዓይነትና ለምትማሩበት ቅርንጫፍ ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ዕውቅና የሌለው ትምህርት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሁለተኛም፣ በእጃችሁ ባለው ስቱደንት ኮፒ ብቻ አትመኩ። ኮሌጁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አሽጎ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እንዲልክ ጠይቁ፤ ያልተዘጋ ሒሳብ ካላችሁም አስቀድማችሁ ዝጉ። ሦስተኛም፣ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ በኮሌጁ ማኅተም አስደግፋችሁ ያዙ። የትራንስክሪፕቱ ወረቀት የኮርሱን ስምና ውጤት ብቻ ይናገራል፤ ምን እንደተማራችሁ የሚናገረው መግለጫው ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ የዱሮው መግለጫ ከመዝገብ ቤት ይጠፋልና፣ ዛሬ ተማሪ የሆነ ሰው ከዛሬው ያስቀምጥ። አራተኛም፣ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝና የትኛው እንደማይያዝ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። በመተላለፊያ ላይ የተነገረ «ይያዝልሃል» የሚል የቃል ተስፋ በማግሥቱ ባለቤት የለውም።

ይህ የአመልካቹ ድርሻ ነው። በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥነውም ድርሻ አለን። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የአፍሪካ አገሮች ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በሚሻገሩ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ላይ አንድ ስምምነት አጽድቀዋል። የስምምነቱ መንፈስ አጭር ነው። አመልካቹ በትክክል የመመዘን መብት አለው፤ ጥያቄውን የማይቀበለው ተቋም በሁለቱ ትምህርቶች መካከል ያለውን ከፍ ያለ ልዩነት ማሳየት፣ የእምቢታውንም ምክንያት መግለጽ ይኖርበታል። ይህ የታሰበው ከአገር ወደ አገር ለሚሄድ ሰው ነው። ታዲያ ድንበር ተሻግሮ ለመጣ እንግዳ የተገባው ፍትሕ፣ ከዋሂል ተነሥቶ ለመጣ የገዛ አገራችን መምህር እንዴት ይነፈገዋል? ምክንያቱ ያልተጻፈበት «አይያዝም» የሚል ቃል መልስ አይባልም። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው ምን እንደጐደለው ስለማያውቅ ሊያሟላ አይችልም።

ስለዚህ ማመልከቻው ሲቀርብ ይዘቱን ትምህርቱን የሚያውቀው የትምህርት ክፍል ይመልከተው፤ የሚወሰንበት ቀን ይነገር፤ የተያዘውም ያልተያዘውም ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ይግባኝ የሚባልበትም በር ይታወቅ። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም፤ አዲስ ሕንጻም አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሁለት መግለጫዎችን ጐን ለጐን ማንበብ ይበቃል።

እኒያ የዋሂል መምህር ፖስታቸውን ይዘው ከመስኮቱ ፊት ቆመዋል እንበል። ካቀረቧቸው ኮርሶች ግማሹ ተይዞ ግማሹ ከነምክንያቱ ቢመለስላቸው፣ የጐደላቸውን አውቀው ክረምታቸውን አስልተው፣ ልጆቻቸውንም «በዚህ ዓመት እጨርሳለሁ» ብለው ሊነግሩ ይችላሉ። ያለ ምክንያት ቢመለሱ ግን ከከተማው የሚወጣውን የማታ መኪና ሲጠብቁ የሚያሰላስሉት ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይኸውም ሰባት ዓመት ያስተማሩትን ትምህርት ተምረውት እንደሆነ መጠራጠር ነው። አንድን መምህር ወደዚህ ጥርጣሬ ከማድረስ ይጠብቀን።