ከጥንቅሽ እስከ ማማ፦ የፀሐይ ጉልበት በሀብሩ ማሳ



ስለ ሥነ ምህዳር እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጥንቅሽ፣ ያ ጣፋጩ የማሽላ አገዳ ነው። ከማሳው ዳር አንዱን ሰብረን፣ ልጡን በጥርሳችን ልጠን ስንመጠው ጣፋጩ ውሃ በአገጫችን ይወርድ ነበር። ያ ጣዕም ከአፈር የወጣ እንዳይመስላችሁ። አፈሩ የሰጠው ውሃና ማዕድን ነው። ስኳሩ የተሠራው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ከአየር በተወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከሥር በወጣ ውሃ፣ በፀሐይ ጉልበት። ጥንቅሽ የበላ ልጅ ፀሐይ በልቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማሽላና ጤፍ በዚህ ሥራ የታደሉ ናቸው። ሙቀት ሲበረታና ውሃ ሲያጥር ከስንዴና ከገብስ የተሻለ ይሠራሉ። እንዲያም ሆኖ ማሳው ላይ ካረፈው ብርሃን አዝመራው የሚያስቀረው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። የእኛ እንጀራ፣ የበሬው መኖ፣ የጅቡ እራት የሚቆረሰው ከዚያች ጥቂት ነገር ነው።

ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ተመራማሪ አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ፣ ኃይል ከተክል ወደ ተክል በል፣ ከዚያም ወደ ሥጋ በል ሲሻገር በየደረጃው እንዴት እንደሚመናመን አሳየ። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲታተም እሱ በሕይወት አልነበረም። ዛሬ በግምት ከአሥር አንድ እጅ ይሻገራል እንላለን። የቀረው የት ይገባል? በሬ ፈትታችሁ ቀንበሩ እንደወረደ ጫንቃው ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ይግላል። ያ ሙቀት ትናንት የበላው አገዳ ነው፤ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ተመልሶም አይመጣም። በላስታ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አይጡ ብዙ፣ አይጡን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ግን ጥቂት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለአንድ ቀበሮ ብዙ አይጥ፣ ለብዙ አይጥ ደግሞ ሰፊ ሣር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቁስላችን ልግባ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ሀብሩን ጨምሮ የሰሜን ወሎን ቆላ ሲያለብስ ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየደበደበ ማሳ ለማሳ ሮጠ። አንድ አንበጣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው፤ በቀንም የክብደቱን ያህል ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ደግሞ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ይኖራል። ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንወስድ በአንድ ቀን 800 ኩንታል ለምለም ነገር ነው። ፀሐይ ከግንቦት ጀምራ ቅጠል በቅጠል ያጠራቀመችው በአንድ ጀንበር ክንፍ ሆኖ ሄደ። የገበሬው ድካም አብሮ ሄደ፤ ይህን በቁጥር መናገር አልችልም።

አንበጣውን ለማጥፋት የሚረጨው መርዝም የራሱ ጣጣ አለው። አንበጣን የሚገድል ርጭት ንብንም ይገድላል፤ ንቧ ስትሞት ፍሬ የሚያሲዝልን እጅ ሞተ ማለት ነው። የመርሳን ብርቱካንና ማንጎ የምትወዱ ይህን አስቡት።

ስለ ኩበት ሳልናገር ብወርድ ግን አድሬ የሚቆጨኝ ይመስለኛል። ኃይል ሄዶ ይቀራል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ይመላለሳሉ። በሬው የጣለውን እበት ጢንዚዛው፣ ምስጡ፣ ዓይን የማያየው ተህዋስ ፈጭተው ለቀጣዩ ማሽላ ያቀርቡታል። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱም ማሳ አይደርስም። ኩበት የምትጠፈጥፈውን እናት አልወቅስም፤ ማገዶ ከየት ታምጣ? የአገዳውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ግራና-1 ያሉ የማሽላ ዝርያዎችን ሲያወጣ፣ ገበሬው ፍሬውን ብቻ አይደለም የሚያየው። ረጅም አገዳ የሌለውን ማሽላ በጥርጣሬ ያየዋል። ልክ ነው! አገዳው የከብቱ ቀለብ፣ የቤቱ ግድግዳና የምድጃው እሳት ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከአገዳውም ከእበቱም ጥቂት ለአፈሩ ይተረፍለት። በአፈር ውስጥ ያሉት ፍጥረታትም ቀለብ ይሻሉ፤ ከኛ የምግብ ሰንሰለት ውጪ አይደሉም።

አዝመራው ሲያሽት በየማሳው ማማ ይቆማል። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ይወጣበታል፤ ግሪሳው እንደ ደመና ሲመጣ ወንጭፉን ያሽከረክራል። ቁርሱ የማሽላ ቂጣ ነው። ያ ክንድ የሚወነጭፈው በአምናው ፀሐይ ነው፤ የሚጠብቀውም የዘንድሮውን።